ሰደድ እሳት ሲነሣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የፔድሮጋኦ ግራንዴ እሳት እንዳሳየው

እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2017 ከሰዓት በኋላ በማዕከላዊ ፖርቱጋል፣ በፔድሮጋኦ ግራንዴ አካባቢ የተነሣው ሰደድ እሳት 66 ሰዎችን ፈጅቷል። አብዛኞቹ የሞቱት እሳቱ በተነሣበት ሰዓት ሳይሆን አመሻሹ ላይ፣ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሟቾቹን ለመውቀስ የቀረቡ አይደሉም፤ ማንም ሰው፣ እኛም ብንሆን፣ በቀላሉ የምንሠራቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የአደጋውን ቅርበት በሚታየው ነበልባል መለካት ነው። ትልቅ ሰደድ እሳት የጋለ አየር ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ የጋሉ ፍሞችን ይዞ ይነሣና ከዋናው እሳት ርቆ በሚገኝ ደረቅ ሣር ላይ ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ ነበልባሉ ገና ከወንዙ ማዶ ነው ብሎ የተረጋጋ ሰው ከኋላው አዲስ እሳት ሊነሣበት ይችላል።

በዚህ ረገድ ባሕር ዛፍ የተለየ ባሕርይ አለው። ከግንዱ እየተላጠ የሚንጠለጠለው ረጅም ቅርፊት ሲቀጣጠል ነፋስ በቀላሉ ይወስደዋል፤ ቅጠሉም ዘይት ያዘለ ነው። በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው ቅጠሉ እየተንጣጣ እንዴት ቦግ እንደሚል ያውቃል፤ ይህንኑ በአንድ ሙሉ ተራራ ላይ ማሰብ ነው። በፔድሮጋኦ ግራንዴ ዙሪያ ለወረቀት ፋብሪካ የሚውል ባሕር ዛፍና ፓይን ሰፊ መሬት ሸፍነው ነበር። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ስንት ቤት እንደሠራልን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን እስከ ግድግዳና እስከ መንገድ ዳር ድረስ መትከል ትልቅ ስህተት ነው። የፖርቱጋል ሕግ በገጠር ቤቶች ዙሪያ 50 ሜትር ያህል መሬት ከቁጥቋጦና ከደረቅ ነገር እንዲጸዳ ያዝዛል።

ሌላው ስህተት ነፋሱ በያዘው አቅጣጫ እንደሚቀጥል ማመን ነው። በዚያ ቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ አመሻሹ ላይ ነጎድጓዳማ ደመና ሲቃረብ፣ ከደመናው የወረደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ነክቶ በየአቅጣጫው ተበተነና እሳቱን በድንገት አጋጋመው። ደመና ሲመጣ ዝናብ ይጥላል፣ እሳቱም ይጠፋል ብሎ መጠበቅ የሚያዘናጋው ለዚህ ነው።

ወደ ዳገት መሸሽም አደገኛ ነው፤ ነበልባሉ ከላይ ያለውን ተክል አስቀድሞ እያደረቀ ስለሚሄድ፣ የዳገቱ ተዳፋት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው ግን እሳቱ ደጅ ከደረሰ በኋላ በመኪና ለመሸሽ መሞከር ነው። ከሟቾቹ ቢያንስ 30 የሚሆኑት ኤን 236-1 በተባለው መንገድ ላይ አልቀዋል። ዛፎቹ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ቆመው ነበር፤ መንገዱም አልተዘጋም ነበር፤ ጢሱ የነጂዎቹን ዓይን ሲጋርድ መኪኖች ተጋጩ፣ ሌሎችም መውጫ አጡ። መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ ጢሱ ከሩቅ ሲታይ፣ መንገዱ ገና ጥርት ብሎ ሳለ መሄድ ነው። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ዙሪያው የተጸዳ ጠንካራ ሕንፃ ወይም ገላጣ ሜዳ ከጫካ መንገድ ይሻላል። በኖዴይሪኞ መንደር 12 ሰዎች በውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ ገብተው እሳቱ እስኪያልፍ ቆዩና ሕይወታቸውን አተረፉ። ከ2018 ጀምሮ በአገሪቱ በርካታ መንደሮች መሸሸጊያ ቦታቸውን አስቀድመው መርጠው ምልክት አድርገውበታል፤ ነዋሪዎቹን ወደዚያ የሚመራ ሰውም ከመካከላቸው ሰይመዋል።