ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ለጀመራችሁ፦ የመጀመሪያው 10,000 ሳንቲም

ይህን የኢንተርኔት ጨዋታ ስትጀምሩ ኪሳችሁ ባዶ ነው፤ ላም እየገደሉ ቆዳ መሸጥ ደግሞ በጣም ያታክታል። ይልቅ በጨዋታው ውስጥ ካለችው ከቫሮክ ከተማ በስተምዕራብ ወዳለው ባርባሪያን ቪሌጅ ሂዱና መንደሩ መሃል ባለው ጉድጓድ ውረዱ። የመጀመሪያው ፎቅ 2,000፣ ሁለተኛው 3,000፣ ሦስተኛው 5,000 ሳንቲም ይሰጣችኋል፤ አራተኛው ላይ ጫማ አለ። ጭራቆቹን መግደል ግዴታ አይደለም። ቦታው የተሠራው ተጫዋቾች አካውንታቸው እንዳይሰረቅ ለማስተማር ስለሆነ በሮቹ ስለ ፓስወርድና ስለ ደህንነት ይጠይቃሉ፣ በትክክል ከመለሳችሁ ያሳልፏችኋል፣ ከዚያ ሩጫ ነው።

ስትገቡ ምግብ ብቻ ያዙ፣ ውድ ዕቃችሁን ባንክ አስቀምጡ። ገና ደካማ ከሆናችሁ ግን ታችኞቹን ፎቆች ለሌላ ቀን ተዉአቸው፣ እዚያ ያሉት ጭራቆች ቶሎ ይጥሏችኋል። ደግሞ ብሩን ይዛችሁ ስትወጡ «ስጠኝና እጥፍ አድርጌ ልመልስልህ» የሚል ተጫዋች ካጋጠማችሁ ሌባ ነው፣ እለፉት።