መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ኦፍላይን ለሚልባችሁ

ባህር ዳር ቢሮ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሄዶ ይመጣና ፕሪንተሩ በርቶ ወረቀቱም ቀለሙም እያለ ኮምፒውተሩ ኦፍላይን ነው ይላል፣ ከዛ ሰው ሁሉ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያግባባውን ሶፍትዌር) አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ድራይቨሩ እኮ ምንም አላጠፋም! ብዙ ጊዜ ራውተሩ እንደገና ሲነሳ ለፕሪንተሩ ሌላ አይፒ (ኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት የቁጥር አድራሻ) ሰጥቶት ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው አድራሻ ነው የሚፈልገው፣ ሽምብጥ ሰፈር የገባን ሰው ፋሲሎ ሰፈር ሄዶ በር እንደማንኳኳት በሉት።

ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ ኮንፊገሬሽን ገጹን ፕሪንት አድርጉ፣ ማክ አድሬሱ (የፕሪንተሩ የኔትወርክ መለያ ቁጥር) እዛ ላይ አለ (የኬብሉና የዋይፋዩ ይለያያል፣ የምትጠቀሙበትን ውሰዱ)። የራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አድሬስ ሪዘርቬሽን የሚለው ጋ ማክ አድሬሱን ከአንድ አይፒ ለምሳሌ ከ192.168.1.200 ጋር እሰሩት፣ ከዛ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ዊንዶውስ ላይ ስታስገቡት ደግሞ ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ትታችሁ በቲሲፒ አይፒ አድሬስ የሚለውን መርጣችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉ፣ ራሱ ያገኘው ብዙ ጊዜ ደብሊውኤስዲ በሚባል ፖርት (የግንኙነት መንገድ) ነው የሚገባው፣ እሱ ደግሞ አመለኛ ነው።

ስታቲክ (የማይቀየር) አይፒ ፕሪንተሩ ላይ መሙላትም ይቻላል፣ ግን ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድለው ሬንጅ ውጪ ካልሆነ አንድ ቀን ያንኑ ለአንዱ ሰው ስልክ ይሰጠውና ይጋጫሉ። በዩኤስቢ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሼር ለተደረገ ፕሪንተር ይሄ አይሰራም፣ እዛ መጀመሪያ ያ ኮምፒውተር በርቶ እንደሆነ እዩ።