ዳር ሰፈር ላይ የአምቡላንስ ስልክ እንዴት ይነሳል

የአምቡላንስ ስምሪት ላይ፣ ማለትም ስልክ እያነሳህ መኪና የምትልክበት ስራ ላይ፣ ልትገባ ነው እንበል። ለሰው ኢርፎን አድርጎ ሃሎ ማለት ነው የሚመስለው፣ ግን ግማሹ ስራ አድራሻ ማውጣት ነው፣ በተለይ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ምናምን ከሆነ የምትሸፍነው። እኔ የመጀመሪያ እርዳታውን ሁሉ ሸምድጄ ነው የገባሁት፣ የመጀመሪያው ሌሊት ያላበኝ ግን "ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ አረንጓዴው በር" የሚለው ነገር ነው።

አንደኛ፣ ምን ሆነ ሳይሆን የት ብለህ ጀምር። ባትሪው ቢዘጋ ወይ ኔትወርክ ቢቆረጥ ቦታውን ከያዝክ መኪና ትልካለህ፣ "በጣም ታሟል" የሚለውን ብቻ ይዘህ ግን ሾፌሩን የት ትለዋለህ? ወዲያው ስልክ ቁጥር አስነግር፣ ስክሪኑ ላይ ቢታይህም አስነግር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በጎረቤት ስልክ ነው የሚደውለው፣ መልሰህ ስትደውል ባለስልኩ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።

አድራሻው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይት፣ ብሎክ፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ሳይቱን ሳትይዝ ብሎክ 47 ብለህ ብትፅፍ ዋጋ የለውም። አራተኛ ፎቅ ካሉህ እዛው "ቃሬዛ የሚያግዙ ጎረምሶች ጥሩ" በላቸው፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ መአት ነው። ግቢ ቤት ከሆነ ደግሞ የበር ቀለም አትመን፣ "ታክሲ ስትሳፈሩ ረዳቱ ምን ብሎ ነው የሚጠራው? ከወረዳችሁ በኋላ በእግር ስንት ደቂቃ? አስፋልቱ የት ያልቃል?" ብለህ ጠይቅ፣ ሾፌሩ የሚያውቀው ረዳቱ የሚጠራውን ስም ነው። ክረምት ከሆነ መኪና ይገባል ወይ በል፣ ጭቃ ከሆነ ቀድሞ ይወቀው። በመጨረሻም አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ይቁም፣ ማታ ከሆነ የስልኩን ባትሪ አብርቶ።

የአዲስ አበባ ድንበር ላይ ያለ ሰፈር ሌላ ጣጣ ነው፣ ዙሪያዋን ያለው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ በ2015 ከተመሰረተ ወዲህ ደዋዩ ራሱ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። "የኛ አይደለም" ብለህ እንዳትዘጋ፣ መስመሩን ይዘህ አንተው አስተላልፍለት። እሳት 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ሰው ሲደነግጥ አንዱን ለአንዱ ይደውላል፣ አትቆጣው። አፋን ኦሮሞ ባትችል እንኳን ቢያንስ "ኤሳ ጅርቱ?" (የት ናችሁ?) የምትለዋን ያዝ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ስትጠሩት ይሰማል? ይተነፍሳል? የማይነቃ ሆኖ እንደ ማንኮራፋት እያደረገ በየመሀሉ አየር የሚስብ ከሆነ አይተነፍስም ብለህ ያዝ፣ "አይ ይተነፍሳል" ብለው ቢከራከሩህም። መኪናውን አሁኑኑ ላክ፣ ቀሪው ዝርዝር በሬዲዮ ይደርሰዋል። ከዛ ስልኩን ላውድ አስደርግና ወለል ላይ በጀርባው አስተኝተው ደረቱን መሀል ላይ ይጫኑ፣ አዋቂ ከሆነ ወደታች 5 ሴንቲ ሜትር ገባ እስኪል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አንተም ጮክ ብለህ አብረህ ቁጠር፣ ብቻቸውን ከተውካቸው ይዘገያሉ ወይ ያቆማሉ።

ደዋዩ ከጮኸ አንድን አረፍተ ነገር በዝግታ ደጋግምለት። ትልቅ ሴት ከሆኑ "አይዞዎት እናቴ፣ ሰፈሩን ይንገሩኝ"፣ ልጅ ከሆነች "አይዞሽ እህቴ"። ሳታስበው ለእናትየዋ አንቺ ብትል በዛ ጭንቀት ላይ ንቀት ይሆንብሃል።

ሶስተኛው ማስቆም ነው፣ እዚህ ጋ ነው እኔ ብዙ ጉልበት የምጨርሰው። የሚጥል በሽታ ላይ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ስር ሊይዙ ነው፣ ተው በል፣ አፉ ውስጥም ምንም አይክተቱ፣ በጎን ያስተኙትና ሰዓት ይያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ነው። ቃጠሎ ላይ ኮልጌት፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ሁሉም ይቅርና ቁስሉ ላይ ቀዝቃዛ ንፁህ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያፍስሱ፣ በረዶ ግን አይሁን። ከሰል የነበረበት ዝግ ቤት ውስጥ ሁለት ሶስት ሰው ባንዴ ራሱን ካመመው ወይ ከወደቀ ጭሱ ነው ብለህ ጠርጥር፣ በር መስኮት ይከፈት፣ ሁሉም ወደ ውጪ። ከሁሉም የምፈራው ግን የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፣ አንዱ ይገባል፣ ሳት ይለዋል፣ ወንድሙ ላውጣው ብሎ ይከተላል፣ ከዛ ሶስተኛው። ገና "ጉድጓድ" ሲሉህ "ማንም እንዳይገባ!" በል፣ ሌላውን ጥያቄ ከዛ ትቀጥላለህ፣ 939ም ይነገራቸው፣ የማውጫው እቃ እነሱ ጋ ነው።

የተደወለበትን፣ መኪናው የወጣበትንና የደረሰበትን ሰዓት ፃፍ፣ ፈረቃ ስትቀይር ያላለቀውን ጥሪ ለተረኛው በአፍህ አስረክብ፣ ወረቀት ብቻ ትተህ እንዳትሄድ።

አንድ ምክር ልጨምር፣ ማንም ግዴታ አላለኝም ግን ጠቅሞኛል። በእረፍት ቀንህ ታክሲ ተሳፈርና እስከ መጨረሻው ሂድ፣ ረዳቱ የሚጠራውን እያንዳንዱን ስም ደብተር ላይ ያዝ። የኔ ደብተር ላይ ያ ወፍጮ ቤት አለ። አሁን ፈርሷል፣ ሰዉ ግን ዛሬም በሱ ነው የሚጠቁመው፣ ስለዚህ አልሰረዝኩትም፣ ጎኑ ላይ "የለም፣ አጥሩ ብቻ" ብዬ ፅፌበታለሁ።