ሞተር ሳይክላችሁን «አረጀ» ብላችሁ ከመለወጣችሁ በፊት

ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው። ሌላው አካባቢ መስከረም ሲጠባ ጭቃው ይደርቃል፤ እኛ ዘንድ ገና ይዘንባል። በዴዶ ወይም በማና የገጠር መንገድ የሚመላለስ ሰው ሞተር ሳይክሉ በቀይ ጭቃ ተለስኖ ነው ከተማ የሚገባው። ከዚያ ጋራዥ ቆሞ «ይህ ነገር አርጅቷል፣ ልለውጠው ነው» ይላል። አብዛኞቹ አላረጁም። መለወጥ ያለበት አንድ ዕቃ ሆኖ ሳለ ሙሉው ይሸጣል። ለዚህ የሚያበቁት የተለመዱ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ካቴናውን ብቻ መለወጥ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ካቴና የሚረዝመው ብረቱ ስለተለጠጠ ሳይሆን መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ፒኖችና ቡሾች ስለተበሉ ነው። በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ካቴናው የሚዞርባቸው ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች፣ ማለትም የፊቱና የኋላው ጥርስም አብረው ይበላሉ፤ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። አዲስ ካቴና በእነዚህ ጥርሶች ላይ ሲገጠም ልኩ አይስማማም፤ ያንኑ ጥፋት በአጭር ጊዜ ይደግመዋል። ሰው ግን ጥርስ ላለመግዛት ሲል በዓመት ሁለት ካቴና ይገዛል! ሦስቱን አንድ ላይ ለውጡ።

ማለቁን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ከኋላው ጥርስ ዳርቻ ላይ ካቴናውን በጣት ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ከካቴናው ሥር የአንዷ ጥርስ ግማሽ ከታየ አብቅቶለታል። የመጋጠሚያው ክሊፕ ደግሞ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ተገልብጦ ከገባ ጠጠር መትቶ ያወልቀዋል። ውጥረቱን በታችኛው ክፍል መሃል ላይ ለኩ፤ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ጎማውን እያዞራችሁ ካቴናው ይበልጥ የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጋችሁ እዚያ ለኩ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና የጎማውንና የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ ያለ ሰበቃ እንዲዞር የሚያደርገውን ባለ ኳስ ቀለበት፣ ይጨርሳል።

ከሞተር የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ካቴና ላይ ማፍሰስም ይቅር። የብረት ብናኝ የያዘ ዘይት ነው። በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የካምቢዮ ዘይት በስሱ ቀቡት።

የመኪና ዘይት መሙላት። አንድ ወጣት ከአጋሮ ሞተር ሳይክሉን ሊሸጥ መጥቶ «ጋሼ፣ ጉልበቱ አልቋል፤ ዳገት ላይ ይጮኻል እንጂ አይሄድም» አለኝ። እንዲህ የሚጮኽ ሞተር ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አልደረሰም። ምን ዘይት እንደሞላ ጠየቅሁት። ለመኪና የሚሆን፣ ውድ የተባለ ዘይት ነበር። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው የፍሪሲዮኑ ዲስኮች የሚሠሩት በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው። ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብለው የሚሠሩ የመኪና ዘይቶች ደግሞ ሰበቃን የሚቀንስ ነገር ስላለባቸው ዲስኮቹን ያንሸራትታሉ። ጣሳው ላይ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ መሆኑን የሚያሳየውን «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል ምልክት ፈልጉ። የልጁ ዘይት ተቀየረ፤ የተቃጠሉት ዲስኮችም ተተኩ። ዛሬም ያንኑ ሞተር ሳይክል እየነዳ ነው።

መጠኑንም ጠብቁ። የትንሽ ሞተር ሳይክል ዘይት በጥቅሉ 1 ሊትር አካባቢ ነው፤ ከዚህ ላይ ትንሽ ሲጎድል ጉዳቱ ትልቅ ነው።

ቫልቩን፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በር፣ «ዝም አሰኙልኝ» ማለት። ቀላል ቲክ ቲክታ ጤነኛ ነው። ድምፁ እስኪጠፋ የጠበቀ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል።

ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውኃ ማስመታት። ውኃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። ጭቃውን በባልዲና በጨርቅ አለስልሱት፤ በተለይ ከፊት ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ሥር ያለውን፣ እዚያ ከደረቀ ጎማ ይይዛልና።

ቁልቁለትን በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ መውረድ። ወደ ወልቂጤ ስትሄዱ የግቤን ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርዱ አሉ። እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ሁሉንም ለፍሬኑ ስትተዉት ሸራው ይግላል፤ ሲግል ፍሬኑ መያዝ ያቆማል፤ ከኋላችሁ ደግሞ የጫነ ከባድ መኪና እየወረደ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል።

መለወጡ ግድ ከሆነ ደግሞ፣ የሞቀ ሞተር አይቶ መግዛት። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ። ከዚያ በፊት ግን እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ የጠዋት ነጭ እንፋሎት ግን አያስደንግጣችሁ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ ወይም በማግስቱ በማለዳ ሳትደውሉ ሂዱ።