ሶሻል ጨርሳችሁ ለብሔራዊ ባንክ ፈተና ስትዘጋጁ እንዳትሠሯቸው የምለምናችሁ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ሂስትሪ፣ አማርኛ፣ ሶሾሎጂ ወይ ጂኦግራፊ ጨርሶ ስራ የሚፈልግ ልጅ ብሔራዊ ባንክ ቫካንሲ አወጣ ሲባል መጀመሪያ ሚለው "እሱ ያካውንቲንግ ልጆች ነው" ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲም ከወልድያም የወጡ ጎበዝ ልጆች እንዲህ ብለው ሲያልፉት አይቻለሁ፣ የሞከሩትም ደሞ ብዙዎቹ የከበዳቸው ጭንቅላት አጥተው ሳይሆን የኢኮኖሚክስ ልጅ በሚያጠናበት መንገድ ሊያጠኑ ሞክረው የራሳቸውን ጉልበት ጥለውት ስለገቡ ነው። አብሽሩ፣ ሚስተካከል ነገር ነው። ስህተቶቹን አንድ ባንድ ላስረዳችሁ።

ማስታወቂያውን ሳያነቡ መወሰን

የሚፈለገው የትምህርት መስክ ለየስራ መደቡ ለብቻ ነው ሚጻፈው። አንዱ መደብ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ብቻ ካለ ሂስትሪ ይዛችሁ አትገቡም፣ አለቀ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። የሰው ሀብት፣ የህዝብ ግንኙነት፣ የሪከርድና ማህደር አይነት መደቦች ላይ ግን ሶሻል ሳይንስ ሚጠቀስበት ጊዜ አለ። "ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ" ሚል ካለበት በራሳችሁ ግምት አትተዉት አትግቡበትም፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ሌላው ደሞ ቴሌግራም ቻናል ላይ ተቆርጦ የተለጠፈውን ሳይሆን ሙሉ ማስታወቂያውን አንብቡ፣ የሲጂፒኤ መነሻው፣ የስራ ልምዱና የመጨረሻው ቀን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የቀረው ጋ ነው ያለው።

ብሔራዊ ባንክን እንደ ማንኛውም ባንክ ማየት

ይሄ ብዙ ሰው ሚወድቅበት ነው። ልጆቹ የባንክ ፈተና ሲባል ስለ ቼክ፣ ስለ ቁጠባ ደብተር፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ ያጠናሉ። ብሔራዊ ባንክ እኮ እኔና እናንተ ሄደን ደብተር ምናወጣበት ቤት አይደለም። ብር ያሳትማል፣ ለባንኮች፣ ለኢንሹራንሶችና ለማይክሮፋይናንሶች ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራቸዋል፣ የሀገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ይይዛል፣ የመንግስት ባንክ እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ዋጋ እንዳይናጋ የገንዘብ ፖሊሲ ያወጣል። ደሴ ፒያሳ ላይ ተደርድረው ምታዩዋቸው ቅርንጫፎች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪያቸው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ አውጪ ሚወዳቸው ማምታቻዎች አሉ። ግብር ሚመለከተው ብሔራዊ ባንክን ነው? አይደለም፣ የግብር ፖሊሲና የበጀት ነገር የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፣ በጀት ሚያጸድቀው ደሞ ፓርላማው ነው። የዋጋ ግሽበትን በየወሩ ለክቶ ሚያወጣውስ? እሱም ብሔራዊ ባንክ አይደለም፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ማን ምን እንደሚሰራ አንድ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሰርታችሁ ያዙት፣ ባንድ ቀን ሚያልቅ ስራ ነው።

ትርጉም መሸምደድ

አንዱን ልጅ ኢንፍሌሽን (የዋጋ ግሽበት) ምንድነው ስትሉት "የአጠቃላይ ዋጋ ቀጣይነት ያለው መጨመር" ብሎ ባንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ከዛ "ግሽበት ከ30 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረደ፣ የእቃ ዋጋ ቀነሰ ወይስ ጨመረ?" ስትሉት "ቀነሰ" ይላል። አልቀነሰም! 100 ብር የነበረ እቃ በመጀመሪያው አመት 130 ገባ፣ በሁለተኛው አመት ግሽበቱ 15 ሲሆን 149 ብር ተኩል ሆነ። የቀነሰው የመጨመሪያው ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ሰኞ ገበያ ጤፍ ምትገዛ እናት "ቀነሰ ይላሉ እኔ ግን አላየሁም" ስትል ልክ ነች፣ የሚለካው አካልም ልክ ነው፣ ሁለቱ እንዴት አብረው ልክ እንደሚሆኑ ማስረዳት ከቻላችሁ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ቃል እንዲህ ገበያ አውርዳችሁ ካላያችሁት ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ይጠፋችኋል።

ሌላ ልጨምር። የፖሊሲ ወለድ (ብሔራዊ ባንክ ራሱ ሚወስነው መነሻ የወለድ መጠን) ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ ቢባል የጨመረው 3 በመቶ ነው? 3 ፐርሰንት ነጥብ ነው የጨመረው፣ በመቶኛ ሲሰላ ግን ከነበረበት 20 በመቶ ጨምሯል። ምርጫዎቹ ውስጥ ሁለቱም ሊቀመጡላችሁ ይችላሉ።

ከቁጥር መሸሽ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሶሻል ልጅ ነጥብ ሚጥለው እዚህ ነው። እንዲህ አይነት ፈተናዎች ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ፣ አፕቲትዩድና ጠቅላላ እውቀት ይቀላቅላሉ፣ አፕቲትዩዱ ውስጥ ያለው ሂሳብ ደሞ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የተማራችሁት ነው፦ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ ፍጥነት፣ ትርፍና ኪሳራ፣ ግራፍ ማንበብ። ካልኩለስ ምናምን ብሎ ነገር የለም። ግን ልጆቹ ከዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ አመት በኋላ ቁጥር ነክተው አያውቁም፣ እጃቸው ዝጓል፣ ስለዚ ሚወዱትን ጠቅላላ እውቀት ሲያገላብጡ ይከርሙና ሂሳቡን ለመጨረሻው ሳምንት ያስቀምጡታል። እጅ ደሞ ባንድ ሳምንት አይፈታም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ሰዓት ይዛችሁ ስሩ።

ሁለት ምሳሌ። ዶላር ከ57 ብር ወደ 114 ብር ገባ እንበል። ዶላሩ በብር ሲታይ 100 በመቶ ጨመረ፣ ብሩስ ስንት በመቶ ወረደ? 100 ምትሉ አላችሁ፣ 100 በመቶ ቢወርድ እኮ ብር ዜሮ ሆነ ማለት ነው። መልሱ 50 ነው፣ ባንድ ብር ሚገዛው የዶላር ቁራጭ በግማሽ ነው የቀነሰው። ሁለተኛው፦ አንድ ሚኒባስ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ በሰዓት 40፣ ሲመለስ ዳገቱን በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ቢነዳ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ደምሮ ለሁለት ያካፈለ 32 ይላል። መንገዱ 24 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ አስቡት፣ ሲወርድ 36 ደቂቃ፣ ሲወጣ 60 ደቂቃ ፈጀበት፣ ባጠቃላይ 48 ኪሎ ሜትር በ96 ደቂቃ፣ ስለዚ 30 ነው። በዳገቱ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆየ አማካዩ ወደ ዝግተኛው ያደላል። ፎርሙላ ከመሸምደድ ይህቺን ምክንያት መያዝ ይሻላል።

ደሞ አንድ ነገር እየረሳችሁ ነው፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሶሻል ስትማሩ ኢኮኖሚክስ ተምራችኋል! ከዜሮ አይደለም ምትጀምሩት። ወፍራም የማክሮ ኢኮኖሚክስ ፒዲኤፍ ከማውረዳችሁ በፊት እነዛን ሁለት መጽሐፎች ጨርሷቸው።

አሮጌ የጥናት ኖት ላይ መተማመን

ከእጅ ወደ እጅ ሚዞሩት የጥያቄና መልስ ፒዲኤፎች ውስጥ ብዙዎቹ ጊዜያቸው አልፏል፣ ምክንያቱም ባጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገር ተገለባብጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ከዛ በፊት ያለው ኖት ግን "ተመኑን ሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው" ብሎ ይመልስላችኋል። እዛው ሐምሌ 2016 ላይ ባንኩ በወለድ ላይ የተመሰረተ የገንዘብ ፖሊሲ ጀመረ፣ የፖሊሲ ወለዱም ሲጀመር 15 በመቶ ነበር፣ ከዛ በፊት ትኩረቱ የገንዘብ መጠን ላይ ነበር። ታኅሣሥ 2017 ፓርላማው አዲስ የብሔራዊ ባንክ አዋጅና የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሚፈቅደውን የባንክ ስራ አዋጅ አጸደቀ፣ ስለዚ የ2000ውን አዋጅ 591 ብቻ ይዞ ሚገባ ልጅ አሮጌ ህግ ነው የያዘው። ጥር 2017 ደሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ስራ ጀመረ። እዚህ የጻፍኩትንም ቢሆን ፈተናው ሲደርስ ከባንኩ የራሱ መግለጫ ጋር አመሳክሩት፣ ወለድና ገዢ ሚቀያየሩ ነገሮች ናቸው።

የተማሩትን ቤት ጥሎ መሄድ

እኔን ከሁሉም በላይ ሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። የታሪክ ልጅ የኢትዮጵያን የባንክ ታሪክ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 በምኒልክ ዘመን ተከፈተ፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው የተቋቋመው። በ1923 የኢትዮጵያ ባንክ ተካው። ከጣሊያን በኋላ በ1935 የኢትዮጵያ መንግስት ባንክ መጣ፣ እሱ የንግድም የማዕከላዊም ባንክ ስራ ባንድ ላይ ይሰራ ነበር፣ በ1956 ሁለቱ ተለያይተው ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ለየብቻ ስራ ጀመሩ። በ1967 የግል ባንኮች ተወረሱ፣ በ1986 በወጣው አዋጅ እንደገና ተፈቀዱ። ይሄን የኢኮኖሚክስ ልጅ ቁጭ ብሎ ይሸመድደዋል፣ እናንተ ግን ለምን እንደሆነ ጭምር ታውቁታላችሁ።

ውጫሌን እንኳን ውሰዱ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ ምናልፍባት የኛዋ ውጫሌ። ሁሉም ሰው አንቀጽ 17ን ያወራል፣ ግን በ1882 መጀመሪያ ላይ ራስ መኮንን ጣሊያን ሄደው በተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት፣ መያዣውም የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነበር። የውጭ ብድር፣ ዋስትና፣ የገቢ ምንጭን ማስያዝ፣ ዛሬ ስለ ሀገር እዳ ሚጠየቀው ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብርም እንደዛው፣ ገንዘብ ምን ምን ስራ አለው (መገበያያ፣ ዋጋ መለኪያ፣ ሀብት ማስቀመጫ) ሚለው ጥያቄ ሲመጣ አሞሌ ዝናብ ሲነካው እንደሚሟሟ ሚያውቅ ልጅ "ሀብት ማስቀመጫ" ሚለውን አይረሳም።

የሶሾሎጂ ልጆችም እንደዛው ነው። ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ወለድ አልነካም ይላል፣ ከወለድ ነፃ ባንክም ለዛ ነው ሚፈልገው። የፖሊሲ ወለድ ሲጨምር እነዚህን ቁጠባዎች እንዴት ይነካቸዋል ብላችሁ አስባችሁበት ኢንተርቪው ብትገቡ ከመጽሐፍ ውጪ ምትናገሩት ነገር አላችሁ።

የቀሩት ትንንሽ ግን ሚጥሉ ነገሮች

እንግሊዝኛ ላይ ግራመር ብቻ አትስሩ፣ በየቀኑ አንድ የኢኮኖሚ ዜና አንብባችሁ በአምስት መስመር አሳጥሩት፣ ጽሁፍ ቢመጣም ንባብ ቢመጣም ይጠቅማችኋል። ፈተናውን እሸጥላችኋለሁ ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም አትስጡ። አዲስ አበባ ከሆነ ሚሰጠው ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሌሊቱን ስትጓዙ አድራችሁ ጠዋት እንዳትገቡ፣ ቀድማችሁ ሂዱና ዘመድ ጋ እረፉ፣ ኦሪጅናል ዶክመንትና መታወቂያ ከማታው አዘጋጁ። ኢንተርቪው ላይ "ታሪክ ተምረህ ባንክ ምን ትሰራለህ?" ብለው ሲጠይቁ ደሞ ይቅርታ እንደመጠየቅ አድርጋችሁ "ስራ ስላጣሁ ነው" እንዳትሉ፣ የ1956ቱን መለያየት ጀምራችሁ አንድ ባንክ ተቆጣጣሪም ነጋዴም ሲሆን ምን ችግር እንደሚመጣ አስረዷቸው።