ስሎፑ 89 ዲግሪ ሲሆንባችሁ፦ የራስተር ላብ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይሄ ጽሑፍ አርክጂአይኤስ ወይም ኪውጂአይኤስ በሚባሉት የካርታ ሶፍትዌሮች ከራስተር (በትንንሽ ሴሎች ከተከፋፈለ ካርታ) ጋር ለሚሠራ፣ ኤክስቴንሽኑ (የሶፍትዌሩ ተጨማሪ መሣሪያ) መብራቱን፣ ዲስኩ አለመሙላቱን፣ ፋይሉ በትክክል መውረዱን ላረጋገጠ ሰው ነው። እነሱን ካላያችሁ ቀድማችሁ እዩ። እዚህ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ሶፍትዌሩ አንድም ኤረር ሳያሳይ የውሸት ካርታ ስለሚሰጥባቸው ጊዜያት።

ምልክት፦ የስሎፕ (የመሬት ተዳፋት) ካርታው ቀይ በቀይ ነው፣ ከፍተኛው ቁጥር 89.9 ይላል

ቴሲስ በደረሰ ቁጥር ላብ ውስጥ በብዛት የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ተማሪው ለመስኖ የሚሆን ቦታ ሊመርጥ ነው። የኤስአርቲኤም ዴም (ከጠፈር የተለካ የመሬት ከፍታ ራስተር) አወረደ፣ በወረዳው ወሰን ቆረጠ፣ ስሎፕ የሚለውን ተጫነ። ከዚያ ፎገራ ሜዳ ገደል ሆኖ ቁጭ አለ። ሩዝ የሚዘራበት ሜዳ! እንደ ካርታው ከሆነ ገበሬው የሚያርሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ነው። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ካርታ ሪክላሲፋይ ተደርጎ (በደረጃ ተከፋፍሎ)፣ ክብደት ተሰጥቶት፣ ከሌሎች ሌየሮች ጋር ተደርቦ «ተስማሚ ቦታ የለም» የሚል ድምዳሜ ከተጻፈበት በኋላ ነው ወደኔ የሚመጣው።

መንስኤው ቀላል ነው። ዴሙ ሲወርድ አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ነው። አንዱ ሴል አንድ አርክ ሰከንድ፣ ማለትም 0.000278 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መሬት ላይ 30 ሜትር ያህል። ስሎፕ የከፍታ ልዩነትን ለአግድም ርቀት ያካፍላል። ሶፍትዌሩ ግን 0.000278ን እንደ ሜትር ይወስደዋል። የአንድ ሜትር ከፍታ ልዩነት ለዚያ ሲካፈል 3,600 ይመጣል፤ ማዕዘኑ 89.98 ዲግሪ። ዜሮ የሚሆኑት ጎረቤቶቻቸው ፍጹም እኩል የሆኑ ሴሎች ብቻ ናቸው። ሂስቶግራሙን ክፈቱት። ዜሮ ላይ አንድ ግድግዳ፣ ዘጠና ላይ አንድ ግድግዳ፣ መሃሉ ባዶ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሄው ዴሙን ወደ ዩቲኤም (በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት) መቀየር ነው። ይሄን ስነግራቸው «ቀይሬዋለሁ እኮ!» ይላሉ። ፕሮፐርቲውን ከፍቼ ሳየው እውነትም ዩቲኤም ዞን 37 ይላል። ስሎፑ ግን አሁንም 89 ነው።

አርክጂአይኤስ ላይ የተጠቀሙት ዲፋይን ፕሮጀክሽንን ነው። ኪውጂአይኤስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሴት ሌየር ሲአርኤስን። እነዚህ መለያውን ብቻ ነው የሚቀይሩት፣ ቁጥሩን አይነኩም፤ የጤፍ ጆንያ ላይ «ስኳር» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ሴሉ አሁንም 0.000278 ነው፤ አሁን ግን ሜትር ተብሏል። X 38፣ Y 9 የነበረው ነጥብም 38 ሜትርና 9 ሜትር ሆኗል። በዩቲኤም ዞን 37 ላይ 39ኛው ሜሪዲያን ራሱ 500,000 ነው። ስለዚህ X 38 ማለት ከዚያ ወደ ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ Y 9 ማለት ደግሞ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ሜትር። ቦታው ምዕራብ ኬንያ ነው፣ ከኪሱሙ ብዙም ሳይርቅ። አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የነበረው ሙሉ የኤስአርቲኤም ታይል (አንዱ የሚወርድ ቁራጭ) አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይሆናል።

ጎንደር ዙሪያ ላይ የተሠራ የተፋሰስ ጥናት በዚህ መልኩ ኬንያ ውስጥ ተቀምጦ አይቻለሁ። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሊሸፍነው ይችል ነበር። ልጁ ያላየው ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ቤዝማፕ ስላልከፈተ ነው። የቦታው ስፋት በሄክታር ሲሰላ ዜሮ ሲመጣበት ግን ሶፍትዌሩ ክራክ ስለሆነ ነው ብሎ እንደገና ጭኖታል። ክራኩን እኔም አልወደውም፣ የዚህ ጥፋት ግን የሱ አይደለም።

ሌላው የውሸት መፍትሄ ኪውጂአይኤስ ላይ ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ኢፒኤስጂ (የካርታ ሥርዓቱን መለያ ቁጥር) መቀየር ነው። እሱ የሚቀይረው እይታውን ነው እንጂ ፋይሉን አይደለም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

1. ዲፋይን ካደረጋችሁት ወደ ነበረበት ደብልዩጂኤስ 84 (በዲግሪ ወደሚለካው ሥርዓት፣ ኢፒኤስጂ 4326) መልሱት። አለበለዚያ ቀጣዩ ሁሉ ይበላሻል።
2. ታይሎቹን መጀመሪያ ሞዛይክ አድርጉ፣ ማለትም አገጣጥሟቸው።
3. አርክጂአይኤስ ላይ ፕሮጀክት ራስተርን፣ ኪውጂአይኤስ ላይ ዋርፕን ክፈቱ። መድረሻው ኢፒኤስጂ 32637፣ ሴል ሳይዙ 30።
4. ሪሳምፕሊንጉን (ለአዲሶቹ ሴሎች ቁጥር የሚሰጥበትን ዘዴ) ባይሊኒየር (የጎረቤት ሴሎች አማካይ) አድርጉት። እንዳለ ከተዋችሁት ኒረስት (የቅርቡን ሴል ቁጥር እንዳለ መውሰድ) ነው የሚሆነው፣ ሂልሼዱ (የጥላ ካርታው) ላይም መረብ የመሰለ መስመር ታያላችሁ።
5. ከዚያ ቁረጡ፤ ከዚያ ስሎፕ።

አደራ፣ የምትቀይሩት ዴሙን ነው። የተበላሸውን የስሎፕ ካርታ ወደ ዩቲኤም ቀይረው የሚመጡ አሉ። 89 የትም ብትወስዱት 89 ነው።

አደራ ሁለት፣ አገሩ ሁሉ ዞን 37 አይደለም። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ጋምቤላ ዞን 36 ነው። ሐረርና ጅግጅጋ ዞን 38 ናቸው፤ ድሬዳዋ ግን ለጥቂት 37 ውስጥ ትገባለች።

ዚ ፋክተር (የከፍታ ማባዣ) የሚባለው አቋራጭም አለ። በ10 ዲግሪ ኬክሮስ 0.00000912 ብታስገቡ ስሎፑ ተቀራራቢ ይመጣል። ለቴሲስ ግን አልመክርም። ስፋትና ርቀት ስትለኩ ያው ዲግሪ ይጠብቃችኋል።

የመሬት ሽፋን ካርታ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እሱን በባይሊኒየር እንዳትነኩት! ደን 2፣ ውሃ 4 ከሆኑ አማካያቸው 3 ነው። 3 ደግሞ እርሻ ከሆነ፣ በሐይቁ ዳር ዙሪያውን የሌለ እርሻ ይበቅላል። ለክላስ ኒረስት፣ ለከፍታ ባይሊኒየር።

ምልክት፦ መንገዱና ወሰኑ ከሳተላይት ምስሉ ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተዋል

ሽሽቱ ከ200 ሜትር በላይ ከሆነ ምክንያቱ አዲንዳን የሚባለው የድሮ ዳተም (የመለኪያ መነሻ) ነው። የድሮዎቹ 1:50,000 ቶፖግራፊ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተምና በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ነው። እኛ አገር አንድ ነጥብ በደብልዩጂኤስ 84 ሲጻፍ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይጨምራል።

ፋይሉ ከየት መጣ ስትሏቸው መልሱ አንድ ነው፦ «ሲኒየር የሰጠኝ ነው።» ሲኒየሩም ከሲኒየሩ ወርሶታል። በፍላሽ ሲቀዳ ፒአርጄው (የካርታ ሥርዓቱን የሚይዘው ፋይል) ቀርቷል፣ አንዱ ደግሞ ገምቶ ደብልዩጂኤስ 84 ብሎ ለጥፎበታል። እንዲህ ያለ ሼፕፋይል (የመንገድና የወሰን መስመር የያዘ ፋይል) ሲሰጣችሁ አመስግናችሁ ምንጩን ጠይቁ።

ዲፋይን ፕሮጀክሽን የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። መለያው ስለተሳሳተ ኢፒኤስጂ 20137 (አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37) ብላችሁ አርሙት። ከዚያ ፕሮጀክት አድርጋችሁ ወደ 32637 ውሰዱት፤ ትራንስፎርሜሽኑን (ከዳተም ወደ ዳተም መለወጫውን) ባዶ አትተዉት። የዳተም ማስጠንቀቂያ መስኮት ሲመጣም ሳታነቡ ክሎዝ አትበሉ። በእጅ ጎትቶ ማስገጠም ክልክል ነው። አንዱ ሼፕፋይሉን ትቶ ምስሉን ጎትቶ አስገጠመና በጂፒኤስ የሰበሰባቸው ነጥቦች በሙሉ ተሳሳቱበት።

ምልክት፦ ዝቅተኛው ከፍታ -32768 ነው

ዴሙ ላይ ያለ ቀዳዳ፣ ማለትም ያልተለካ ቦታ ነው። የውቅያኖስ ጥልቁ ቦታ እንኳ 11,000 ሜትር አይሞላም። ኖዳታ (ባዶ) እንዲሆን አድርጉ፣ ከዚያ ሙሉት። -9999 ካያችሁም ያው ነው። ብቻ «ከዜሮ በታች ያለው ሁሉ ኖዳታ» እንዳትሉ። ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ዳናክልን ከካርታ ትሰርዙታላችሁ። ደጋ ላይ ቆርጣችሁ ዝቅተኛው 0 ከመጣም ደስ አይበላችሁ፣ ከወሰኑ ውጭ ያለው ባዶ ነው የተቆጠረው።

ምልክት፦ ኤንዲቪአዩ (ከሳተላይት ምስል የሚሰላው የዕፅዋት መለኪያ) ግራ ያጋባል

-1፣ 0 እና 1 ብቻ ከሆነ ሙሉ ቁጥር በሙሉ ቁጥር እየተካፈለ ነው። ባንዶቹን (የምስሉን የብርሃን ሽፋኖች) ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ውስጥ አስገቡ።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ኦፍሴቱን (የሚደመረውን ወይም የሚቀነሰውን ቁጥር) እዩ። የላንድሳት ሳተላይት ኮሌክሽን 2 ሌቨል 2 ምስል በ0.0000275 ተባዝቶ 0.2 ይቀነስለታል። ማባዣው በክፍፍሉ ይጣፋል፣ 0.2ው ግን አይጣፋም። ሴንቲነል 2 የሚባለው ሳተላይት ላይ ደግሞ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየባንዱ 1,000 ተጨምሮ ይመጣል። መቀነስ አለበት። አለበለዚያ ከዚያ ቀን በኋላ ዕፅዋቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ የቀነሰ ይመስላል። ይሄን የደን ጭፍጨፋ ብላ ውይይት ክፍሉን ጽፋ የጨረሰች ተማሪ ገጥማኛለች፤ ምክንያቱንም ከሰል አክሳዮች ላይ ለጥፋ ነበር።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ኤረር 999999፦ ብዙ ጊዜ የፎልደሩ ስም ክፍት ቦታ ወይም የአማርኛ ፊደል አለው፤ ወይ የግሪዱ (የአርክጂአይኤስ ራስተር ፋይል) ስም ከ13 ፊደል በልጧል።

ዌይትድ ኦቨርሌይ (ሌየሮችን በክብደት የሚደርበው መሣሪያ) ራስተሩን አልቀበልም ካለ፦ ነጥብ ያለው ቁጥር ነው። ሪክላሲፋይ አድርጉ።

ሁለት ራስተር ግማሽ ሴል ተዛንፈው ከተቀመጡ፦ ስናፕ ራስተር (ሴሎቹን የሚያስገጥመው ሴቲንግ) አልተሞላም።

ላንድሳት 7 ላይ ጥቁር ሽንትር ካያችሁ፦ ኮምፒውተራችሁ ደህና ነው። የሳተላይቱ መስመር አስተካካይ የተበላሸው ሜይ 31 ቀን 2003 ነው፤ ለዚያ ዘመን ላንድሳት 5ን ፈልጉ።