ኦፓል ስትገዙ መጀመሪያ አድርቁት

ለገጣፎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት የድንጋይ መቁረጫ ክፍል አለችኝ። ከወሎ ደላንታ የሚመጣው ኦፓል፣ ያ ውስጡ ቀለም የሚጫወትበት የጌጥ ድንጋይ፣ በደሴ መንገድ ስለሚወርድ፣ አዲስ አበባ ሳይገባ እኔ ደጅ የሚያራግፈው አይጠፋም። ድሮ ሰው የሚመጣው ሊያስቆርጥ ነበር። አሁን ግን «ተሸወድኩ እንዴ?» ሊለኝ የሚመጣው በዝቷል። ገዢ ደጋግሞ የሚሳሳትባቸውን ልንገራችሁ።

ከውሃ ውስጥ አትግዙ። ይሄ ያቃጥለኛል። ባለፈው ኅዳር አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰባት ድንጋይ በሃይላንድ ውሃ ውስጥ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መስታወት እኮ ነው የሚመስለው!» ይላል፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። አወጣሁና በሶፍት ጠራርጌ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው፤ 41 ግራም። ከዚያ መስኮቱ ሥር ጨርቅ ላይ ደርድሬ «በአራተኛው ቀን ና» አልኩት። ሲመጣ 37.5 ግራም ሆነዋል። ሦስት ግራም ተኩል ውሃ በድንጋይ ዋጋ ገዝቷል ማለት ነው። እሱስ ባልከፋ፤ ሁለቱ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አውጥተዋል። የሻጩ ስልክ ዝግ ነው።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውስጡ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ጥርት ይላል፣ ስንጥቁም ይደበቃል። ቀለሙ አንዳንዴ ይደምቃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ሲደርቅ ደግሞ ገና ደርቆ ሳይጨርስ እንደ ወተት ይነጣል። ጀማሪው እዚህ ጋ ይደነግጥና መልሶ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ተዉት እባካችሁ፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል! ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት፤ ድንገት ሲደርቅ የምትሰነጥቁት እናንተው ናችሁ። ሻጩ «ከውሃ ከወጣ ይበላሻል» ካላችሁ ግን ስለ ድንጋዩ እውነቱን ነግሯችኋል፤ አመስግኑትና ሂዱ።

በስልክ ባትሪ ማየትም ሌላው ስህተት ነው። በባትሪ የማያምር ኦፓል አላጋጠመኝም። እኔ በደመና ቀን ወይም መብራት ሲጠፋ (እኛ ሰፈር ይሄ አይቸግርም) በር ላይ ቆሜ በሁለት ጣቴ እያዞርኩ ነው የማየው። ቀለሙ በአንድ በኩል ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዋጋውን አወርዳለሁ። በሁሉም አቅጣጫ የሚጫወት፣ በተለይ ቀይ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሻጩ ዋጋውን ቢሰቅል አልፈርድበትም።

ጥቁር ኦፓል ሲያዩ መቸኮልም አለ። በዚህ እኔም ተበልቻለሁ። በ2006 ዓ.ም. አንድ ደላላ ከሰል የመሰለ፣ ውስጡ እሳት የሚነድበት ድንጋይ አምጥቶልኝ ያለኝን ብር ሁሉ ሰጠሁት። ሥሩን ለማስተካከል ገና ሞረዱ ላይ ነካ ሳደርገው ከጥቁሩ ሥር እንደ ተልባ ጭማቂ የፈዘዘ ነጭ ብቅ አለ። በጭስ የጠቆረ ነበር። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ጭስም ቀለምም ይጠጣል። በወሎ ስታይሽ በኩል በተፈጥሮው የጠቆረ ይወጣል፤ ቢሆንም ጥቁር ሁሉ ከስታይሽ አይደለም። በማጉያ መነጽር ስታዩት ጥቁረቱ ጉድጓዶቹና ጭረቶቹ ላይ ከተጠራቀመ ጠርጥሩ። ደማቅ ሐምራዊውንማ ምን ትጠይቁኛላችሁ፣ ቀለም ጠጥቶ ነው!

ካራት ብቻ የሚቆጥር ገዢም አለ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ ሆዱን ወፍራም አድርጎ የቆረጠ ሰው ከላይ የማይታይ ክብደት ይሸጥላችኋል። ድንጋዩን ገልብጡት። የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለውን ስትመርጡ ደግሞ ጫፉን በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ጫፉ ከሳሳ፣ ወርቅ ሠሪው ጌጡ ላይ ሲያስገባው ይሰበራል፣ ከዚያ ጠቡ ከእሱ ጋር ይሆናል።

ከሸዋ፣ ከመዘዞ የሚመጣውን ቡናማ ኦፓል ለጌጥ አትግዙ አልልም፤ ብቻ ወራት የቆየና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የደላንታው፣ የወገል ጤናው ኦፓል በ2008 እ.ኤ.አ. ከመገኘቱ በፊት በውጭ ገበያ የሚታወቀው የሸዋው ነበር፤ እየተሰነጠቀ ስማችንን አጉድፎት ነበር።

ደረሰኝ ጠይቁ። ይኸው ነው።

ኦፓልን እንደ አልማዝ ማሰብም አለ። ሞስ በሚባለው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው መለኪያ የአልማዝ ጥንካሬ 10 ነው፣ የኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 7 ስለሆነ የእኛ ሰፈር የበጋ አቧራ ራሱ ይጭረዋል። ስለዚህ ለዘወትር ቀለበት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የአንገት ወይም የጆሮ እንዲያደርገው እመክራለሁ። የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

ባለቤቴም አልሰማችኝም። በሠርጋችን ዓመት የሠራሁላትን ቀለበት እንዳደረገች ቅቤ ታነጥራለች፣ ፀጉሯን ትቀባለች፣ በፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ታጥባለች። እንደ በረዶ የነጣው ድንጋይ አሁን ቢጫ ሆኗል፤ በአንድ ጥግ ብቻ አረንጓዴ ይበራል። ልቀይርልሽ ስላት «ማር መስሏል፣ አትንካብኝ» ትለኛለች።